ዱባይን በግማሽ ቀን፦ ከአስጎብኚ ጋር ከተማውን አይቶ ዴራ ላይ መገብየት

«ዱባይ ያለኝ አንድ ቀን ነው፤ በግማሽ ቀን ከተማውን አይቼ የገበያውንም ጉዳይ እጨርሳለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። የሚጠይቁን ወደ ሌላ አገር ሲያልፉ አንድ ቀን የሚያድሩ፣ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ፣ ለሰርግ ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። መልሱ ይቻላል ነው። ዋናው ነገር ጉብኝቱ የወርቅና የቅመም ገበያው ባለበት ሰፈር፣ ዴራ ላይ፣ እንዲያልቅ ማድረግ ነው።

ብዙዎቹ የግማሽ ቀን ፓኬጆች ከሆቴል ወስደው፣ ለአራት ሰዓት ያህል አዙረው፣ መልሰው ሆቴል ያወርዳሉ። ገበያው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ጊዜም ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋ ማየት እንጂ መግዛት አይቻልም፤ ተቻኩሎ የሚገዛ ደግሞ የተጠራለትን ይከፍላል። አስጎብኚውን ዴራ ላይ ከሸኛችሁት ግን ምሽቱ የራሳችሁ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ከኤርፖርት ለመውጣት አስቀድሞ የተሠራ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ጉብኝት የምትይዙት ቪዛው እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት። የቫት ተመላሽ (በዕቃው ላይ የከፈላችሁትን ግብር ከአገር ስትወጡ መልሶ ማግኘት) ለማስመዝገብ ሱቁ ይጠይቃችኋል።
- ዝርዝር ድርሃም፦ ጥቂት የአንድ ድርሃም ሳንቲም፣ የ5፣ የ10 እና የ20 ኖቶች።
- ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ።
- የተለመደ፣ የማያንሸራትት ጫማ። ከጀልባ መውጣትና መውረድ አለ።
- ውሃ፣ ኮፍያ፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ባዶ ዘንቢል።
- የልብስ ሜትር። ለሌላ ሰው ጫማ የምትገዙ ከሆነ የሰውየው እግር በወረቀት ላይ ተስሎና ተቆርጦ ይያዝ። የጫማ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ከትታችሁ ስትለኩ ግን ልኩን ታውቃላችሁ።
- የተሞላ ስልክ። የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በዱባይ አይሠራም፤ ጽሑፍ፣ ፎቶና የተቀዳ ድምፅ ግን ያልፋል። «ሱቅ ውስጥ ሆኜ በቪዲዮ አሳይሻለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ፎቶ ልካችሁ መልስ የምትጠብቁበት ጊዜ ያዙ።

አሠራሩ

1. የከሰዓቱን ጉብኝት ምረጡ።

በዴራ ገበያ ብዙ ሱቆች ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት (13:00–16:00) ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ 4 ሰዓት (22:00) ገደማ ክፍት ናቸው። የጠዋቱን ጉብኝት ከያዛችሁ ዴራ የምትደርሱት በሮቹ መዘጋት ሲጀምሩ ነው። ከቀኑ 8:30 ወይም 9 ሰዓት (14:30 ወይም 15:00) የሚነሳ ጉብኝት ግን ገበያው ሲሟሟቅ ያደርሳችኋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የከሰዓቱ ጉዞ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፀሐዩ ሲበረታ መኪና ውስጥ ናችሁ፣ በእግር የምትሄዱት ሲመሽ ነው። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ዓርብ ጠዋት አትያዙ፤ በጁምዓ ሶላት ምክንያት ብዙ ሱቆች ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። ረመዳን ከሆነም የገበያው ሰዓት ወደ ማታ ይገፋል፤ ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ስለሆነ ተጠንቀቁ።

የሰዓት አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። ትኬቱ ላይ 02:30 ፒኤም ወይም 14:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 ነው። በተጨማሪም ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ በራሱ ወደ ዱባይ ሰዓት መቀየሩን አረጋግጡ፤ የጋራ አውቶቡስ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጠብቅም።

2. ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

- «ጉብኝቱ ወርቅ ገበያው ላይ ያልቃል? እዚያ ልቀር እችላለሁ?» አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፤ መመለሻውን ስላተረፋችሁላቸው አይጎዱም።
- «አስጎብኚው ፈቃድ አለው?» ዱባይ ውስጥ በክፍያ የሚያስጎበኝ ሰው ከከተማዋ የኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ መታወቂያውንም ይይዛል። አማርኛ የሚናገር ሰው ብታገኙ ደስ ይላል፤ ቢሆንም መታወቂያውን ጠይቁ። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው መንገድ ላይ ቢያዝ ጉብኝታችሁ እዚያው ይቆማል።
- «ጉብኝቱ ውስጥ የግዴታ የሱቅ ማቆሚያ አለ?» የምንጣፍ፣ የቆዳ ወይም የጌጣጌጥ መደብር ከተጠቀሰ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ጠይቁ። በጣም ርካሽ ጉብኝት ወጪውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሱቆች በሚያገኘው ኮሚሽን ነው።
- «የጀልባው ክፍያ፣ የመግቢያ ክፍያ ይጨምራል?»

3. ገንዘቡን ከተማ ውስጥ መንዝሩ።

ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው፤ ስለዚህ ተመኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ለአንድ ዶላር ከ3.65 በታች ከሰጧችሁ ቀጣዩን ምንዛሪ ቤት ሞክሩ። ዴራ ውስጥ ምንዛሪ ቤት በየጥጉ አለ። ኤርፖርት ላይ የሚመነዘረው ለታክሲና ለውሃ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ብሎ ከጠየቃችሁ ድርሃምን ምረጡ፤ በዶላር ካላችሁ ማሽኑ የራሱን የተጋነነ ተመን ይጨምርባችኋል።

4. የባሕር ዳርቻውን ክፍል አሳጥሩ።

መኪናው በጁሜይራ መንገድ ይወስዳችኋል፤ የጁሜይራ መስጊድ ፊት ለፊትና የቡርጅ አል አረብ ሆቴል የሚታይበት የአሸዋ ዳርቻ የተለመዱት የፎቶ ማቆሚያዎች ናቸው። መስጊዱ ሙስሊም ላልሆኑ ጎብኚዎችም ክፍት ሆኖ በራሱ አስጎብኚዎች ይታያል፤ ውስጡን ማየት የሚፈልግ ግን የራሱን ፕሮግራም ሌላ ቀን ይያዝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስለምታዘነብል 321 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ አል አረብ በፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስልካችሁ ላይ ፎቶ የሚነሳውን ሰው ነክታችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ወይም ሕንጻውን ከጀርባ ሳይሆን ከጎን አድርጉት። ለሁለቱ ማቆሚያዎች አንድ ሰዓት በቂ ነው፤ እዚህ የባከነ ጊዜ ከገበያው ይቀነሳል።

5. አል ፋሂዲ ሰፈር በእግር ሂዱ።

ጠባብ መተላለፊያዎችና የነፋስ ማማ ያላቸው ቤቶች ያሉበት ነው። ማማው ሥር ቁሙና ቀና በሉ፦ አራቱም ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ይይዘውና ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። የቤት ደጃፍና ሴቶችን ፎቶ አታንሱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

6. በአብራ ተሻገሩ።

አብራ ማለት ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የባሕር ክንድ የሚያሻግር የእንጨት ጀልባ ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው 1 ድርሃም ሲሆን የሚከፈለው ጀልባው ውስጥ ለነጂው ነው። ወደ 20 ሰው ይይዛል፣ ሲሞላ ይነሳል። ወደ ዴራ የሚሄዱት መስመሮች የሚያወርዱበት ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ዴራ ኦልድ ሱቅ ያወርዳል፣ ሌላው አል ሰብኻ። የምትፈልጉት ዴራ ኦልድ ሱቅ የሚለውን ነው፤ ስትወርዱ የቅመም ገበያው ከፊታችሁ ነው። አል ሰብኻ ከወረዳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ትመለሳላችሁ።

ስትገቡ መጀመሪያ የዳር ጠርዙን ሳይሆን መሐሉን ርገጡ፤ ጀልባው ይወዛወዛል። ጎኑ መደገፊያ የለውም፣ ስለዚህ ሕፃን ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ፣ ስልክም በሁለት እጅ ይያዝ። «ለብቻችሁ ልውሰዳችሁ» የሚል ነጂ የሚጠራው በሰዓት የሚታሰብ ኪራይ ነው፤ ለመሻገር ብቻ አያስፈልጋችሁም።

7. የቅመም ገበያው ላይ ዋጋውን ከነመለኪያው ጠይቁ።

ሻጩ «ሃያ» ሲል ሃያው የምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ፦ የአንድ ኪሎ፣ የ100 ግራም ወይስ የ10 ግራም? ዋጋው ሳይነገር ማንኪያው ከረጢት ውስጥ ከገባ «አቁም» በሉ። አንዴ ከተመዘነና ከታሰረ በኋላ ድርድሩ ይከብዳል።

ሳፍሮን የተባለውን ቀይ የክር ቅመም ለመግዛት ከፈለጋችሁ እንዲህ ፈትኑት። ሁለት ሦስት ክር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣሉ። እውነተኛው ቀስ ብሎ ውሃውን ወደ ቢጫ ይቀይራል፣ ክሩ ግን ቀይ ሆኖ ይቆያል። ውሃው ወዲያው ቀይ ሆኖ ክሩ ከነጣ ቀለም የተነከረ ነው። የጥሩ ክር አንዱ ጫፍ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ይላል። ዱቄቱን አትግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማወቂያ መንገድ የለም። ሄል ስትገዙ አረንጓዴው ያልተከፈተውን ምረጡና አንዱን ፈልቅቃችሁ ፍሬው ጥቁርና ወዛም መሆኑን እዩ። እጣን ግን ከአገር ቤት ይዛችሁ ብትመጡ እንጂ ከዚህ ባትገዙ እንመክራለን።

8. ወርቅ ገበያውን መጀመሪያ ከአስጎብኚው ጋር እዩ፣ አትግዙ።

ከቅመም ገበያው አሥር ደቂቃ በእግር ነው። አስጎብኚው አንድ የተለየ ሱቅ ውስጥ ካስገባችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውን ጻፉ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ከአስጎብኚ ጋር የገባ ሰው ሲገዛ ሱቁ ኮሚሽን የሚከፍለው ከእናንተ ዋጋ ላይ ነው። የእንጨት ጣሪያ ያለው ዋናው መግቢያ ቤተሰብ ቢጠፋፋ የሚገናኝበት ጥሩ ቦታ ስለሆነ እዚያ ተቃጠሩ። ከዚህ በኋላ አስጎብኚውን ሸኙት። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ካላችሁ ከ20 እስከ 50 ድርሃም በቂ ነው።

9. አሁን ግዙ።

የወርቁ የግራም ዋጋ በየዕለቱ ይወጣል፣ ሱቆቹም በሰሌዳ ላይ ያሳዩታል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የምትከራከሩት በእጅ ሥራው ዋጋ ላይ ነው፤ ሻጮቹ «ሜኪንግ ቻርጅ» ይሉታል። ተመሳሳይ ሀብል ሦስት ሱቅ ብትጠይቁ ልዩነቱን የምታገኙት እዚህ ነው። በማሽን የተሠራ ሰንሰለት የእጅ ሥራው ዝቅ ይላል፣ ጥልፍልፍ የበዛበት የሙሽራ ጌጥ ከፍ ይላል።

በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ካራቱ ስንት ነው? ሚዛኑ ላይ አሳየኝ። የድንጋዩ ክብደት ተቀንሷል? የእጅ ሥራው በግራም ስንት ነው? ጥቅልል ዋጋ («ሁሉንም በዚህ ልስጥሽ») ከመጣ አትቀበሉ፤ ተነጣጥሎ ይነገራችሁ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የ21 ካራት ግራም 400 ድርሃም ቢሆን (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የዕለቱን ከሰሌዳው ውሰዱ)፣ 10 ግራም 4,000 ይሆናል። የእጅ ሥራ በግራም 20 ከሆነ 200 ይጨመራል፣ 4,200። 5 በመቶ ቫት 210፣ ጠቅላላ 4,410 ድርሃም። የእጅ ሥራውን ከ20 ወደ 12 ካወረዳችሁት ከቫቱ ጋር 84 ድርሃም ተረፈ። 99 በመቶና ከዚያ በላይ ጥራት ያለው የኢንቨስትመንት ወርቅ፣ ማለትም ጌጥ ያልሆነው ጥፍጥፍ ወርቅ፣ ቫቱ ዜሮ ነው።

ማኅተሙን በማጉያ እዩ፤ ሱቁ ያውሳችኋል። 999 ማለት 24 ካራት፣ 916 ማለት 22፣ 875 ማለት 21፣ 750 ማለት 18 ነው። ደረሰኙ ላይ ካራቱ፣ የተጣራው ክብደት፣ የዕለቱ የግራም ዋጋና የእጅ ሥራው ለየብቻ መጻፍ አለበት። ነገ ብትሸጡት የሚመለስላችሁ የወርቁ ዋጋ ነው፣ የእጅ ሥራው አይመለስም፤ ለማስቀመጫ የምትገዙ ከሆነ ቀለል ያለውን ምረጡ።

10. ልብስ፣ ጨርቅ፣ ሽቶ።

ከወርቅ ገበያው ተያይዞ ያለው ሙርሺድ ባዛር በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል፤ ናይፍ የተባለው ሰፈርም ቅርብ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ግማሽ ብላችሁ ጀምሩ፣ ካልተስማማችሁ ሂዱ፤ ሊሸጥ የፈለገ ይጠራችኋል። የዘይት ሽቶ ቆዳ ላይ ተቀብታችሁ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ አሽትቱ፤ ወዲያው የሚሸተው ጠርሙሱ ሲከፈት ያለው ነው፣ የሚቀረው ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከገዛችሁ መሰኪያው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ ኃይሉ ከኢትዮጵያው ጋር ስለሚስማማ የሚያስፈልጋችሁ ማስተላለፊያ ሶኬት ብቻ ነው። ከእግራችሁ ትንሽ ለማረፍ በናይፍና በዙሪያው የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

11. ቫቱን ከመክፈላችሁ በፊት አስመዝግቡ።

ተመላሹ ለጎብኚ እንጂ ለአገሪቱ ነዋሪ አይደለም። በአንድ ደረሰኝ ቢያንስ 250 ድርሃም መግዛት፣ ሱቁም በአሠራሩ የተመዘገበ መሆን አለበት። «የቫት ተመላሽ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከክፍያ በፊት ይምጣ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ሱቁ አልተመዘገብኩም ቢል መፍትሔ የለውም። የሚመለሰው ቫቱ በሙሉ ሳይሆን አብዛኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝም የአገልግሎት ክፍያ ይቀነሳል።  ዕቃው በ90 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት አለበት።

12. መመለሻው።

ከወርቅ ገበያው አጠገብ የአረንጓዴው መስመር ሜትሮ ጣቢያ አለ። ዩኒየን ጣቢያ ላይ ወደ ቀዩ መስመር ቀይራችሁ ወደ ኤርፖርት ትሄዳላችሁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጠቀመው ተርሚናል 1ን ነው። የብር ቀለም ያለው የሜትሮ መክፈያ ካርድ (ኖል ካርድ) 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ ለጉዞ የሚያገለግል ሒሳብ ነው። ዕቃ ከበዛ ግን ታክሲ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ

- ከመሻገሪያ ውጭ መንገድ ማቋረጥ ከ400 ድርሃም ጀምሮ ያስቀጣል። ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ 100 ድርሃም፤ የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ውስጥ የተገኘ ወንድም እንዲሁ።
- ወርቅ ገበያው ደጃፍ ላይ «ሰዓት፣ ቦርሳ» እያሉ ወደ ፎቅ የሚጋብዙ አሉ። አትከተሏቸው፤ የሚሸጡት ሐሰተኛ ነው፣ ፎቁ ላይም ዋጋ የሚነግራችሁ አንዱ፣ በሩን የሚይዘው ጓደኛው ነው።
- ጫት በአገሪቱ የተከለከለ ነው። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶችም ቁጥጥር አለባቸው። «ይህችን ለዘመዴ አድርስልኝ» የሚባል ያልተፈታ ጥቅል ከማንም አትቀበሉ።
- ከ60,000 ድርሃም በላይ የሚያወጣ ገንዘብ ወይም ወርቅ ይዞ ሲገቡም ሲወጡም ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ኤርፖርት ላይ ይሠራል፦ ሻንጣውን አስረክቦ ወደ ቫት መስኮቱ መሄድ። ሠራተኛው ዕቃውን ልይ ሊል ይችላል፤ ሻንጣው ከሄደ የሚታይ ነገር የለም፣ ተመላሹም ቀረ። መጀመሪያ ወደ ተመላሽ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ሻንጣ ማስረከቢያው። ለዚህ ከተለመደው ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ሁለት ኪሎ ሄል፣ ሦስት ብርድ ልብስና ጫማ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። የተፈቀደላችሁ ኪሎ ትኬታችሁ ላይ ተጽፏል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት እንደቀራችሁ እወቁ። ፓወር ባንክ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ሽቶ በተቃራኒው የሚላከው ሻንጣ ውስጥ ይታሸግ። ወርቁና ደረሰኞቹ ሁሉ ከእጃችሁ አይለዩ፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ የዕቃውን ዋጋ ብትጠየቁ የምታሳዩት ደረሰኙን ነው።